ብዙ ቅርንጫፎች ባሉት የባህርይ ትንተና ተቋም ውስጥ የሠራተኞችን ክሊኒካዊ ስልጠና ማን ይምራው?

የስልጠና አስተባባሪ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ።

ኦቲዝምና ሌሎች የእድገት ውስንነቶች ላሉባቸው ልጆች በባህርይ ትንተና (ከአንድ ባህርይ በፊትና በኋላ የሚሆነውን እያጠኑ ክህሎት የማስተማር ዘዴ) ላይ የተመሠረተ ድጋፍ በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ስልጠና የማስተባበር ኃላፊነት ከተረከብኩ ወዲህ መልስ ያላገኘሁለትን ጉዳይ ለዚህ መድረክ ማቅረብ ወደድኩ። ድርጅቱ ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ ብቻ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ስልጠና ራሱን የቻለ ክፍል የሚጠይቅ ሥራ አልነበረም፤ አዲስ ተቀጣሪ ልምድ ካላቸው ባልደረቦቹ ጎን ተቀምጦ እያየ፣ እየሞከረና እየታረመ ሥራውን ይለምድ ነበር። አሁን ግን በአጋሮና በሰቃ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፤ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያገለግሉም አሉ። ከልጆቹ ጋር በቀጥታ የሚሠሩት ሠራተኞች ሠላሳ ደርሰዋል፤ የእያንዳንዱን ልጅ ዕቅድ የሚያወጡትና የሚከታተሉት ሱፐርቫይዘሮች ግን አራት ብቻ ናቸው።

በአስተዳደሩና በባለሙያዎቹ መካከል የተፈጠረው የሐሳብ ልዩነት እንደሚከተለው ነው። አስተዳደሩ ጅማ ላይ አንድ የስልጠና ክፍል ተቋቁሞ ሁሉንም ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰነድና በአንድ ፈተና እንዲያሰለጥን ይፈልጋል፤ እንዲህ ሲሆን ወጥነት ይኖራል፣ ለለጋሾችም ሪፖርት ለማቅረብ ይመቻል ይላል። የቅርንጫፍ ባለሙያዎች በበኩላቸው ስልጠና ልጆቹን ለማያውቅ ክፍል መተው እንደሌለበት፣ ሠራተኛውን ማሰልጠን ያለበትም በየዕለቱ አብሮት የሚውለው ሱፐርቫይዘር እንደሆነ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ያላነሱት አንድ ችግር አለ። በአዳራሹ ስልጠና ማብቂያ ላይ በሚሰጠው ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ልጁ ራሱ እንዲሞክር ጥቂት ሰከንዶች ከመጠበቅ ይልቅ ወዲያውኑ እጁን ይዞ ያሠራዋል፤ ልጁ ሲጮህ ከተሰጠው ሥራ ያሳርፈዋል፤ የልጁ ምላሽ የሚመዘገብበትን የመረጃ ቅጽም በየሙከራው ሳይሆን የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ከትዝታው ይሞላዋል። ይሁንና ትክክለኛው አሠራር ምን እንደሆነ ብትጠይቁት አንድም ሳያስቀር ይዘረዝርላችኋል።

ስለዚህ በትልልቅ ተቋማት የሠራችሁ ወይም አሠራራቸውን የምታውቁ ሁሉ እንድትመልሱልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ስልጠናውን ማዕከል ይምራው ወይስ ቅርንጫፍ? አንድ ሠራተኛ «ሰልጥኗል» ብለን ልንመዘግበው የሚገባን ምን ሲያሟላ ነው? በአገራችን የተለመደው የአሰልጣኞች ስልጠና ለዚህ ሥራ ያገለግላል ወይ? ከውጭ አገር የምስክር ወረቀት ሰጪ አካላት ጋር መያያዝስ ያዋጣል? በአጭሩ ብትመልሱም በዝርዝር ብትጽፉም አመሰግናለሁ።


ሱፐርቫይዘር፣ ሚኒሶታ

ለጠያቂው ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ስሆን በአሁኑ ጊዜ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በርካታ ክሊኒኮች ባሉት ድርጅት ውስጥ በሱፐርቫይዘርነት እሠራለሁ። «ማዕከል ወይስ ቅርንጫፍ» የሚለው ጥያቄ እዚህም በየዓመቱ በጀት በተያዘ ቁጥር ይነሳል። እኔ የማየው ግን ጥያቄው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተደባልቀው መቅረባቸውን ነው፤ መለኪያውን ማውጣት አንድ ነው፣ ማስተማር ሌላ ነው፣ ሠራተኛው መለኪያውን ማሟላቱን ማረጋገጥ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያው የማዕከሉ ነው፤ ሁለተኛው የቅርንጫፉ ነው፤ ሦስተኛውን ሁለቱም ሊሠሩት ይገባል፤ ምክንያቱም ያስተማረ ሰው ብቻውን ፈታኝ ሲሆን ለራሱ ተማሪ መራራቱ አይቀርም።

በመጀመሪያ እዚህ ስላለው ማዕቀፍ ትንሽ ልበል። በዘርፉ ዋናው የምስክር ወረቀት ሰጪ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የባህርይ ተንታኞች ማረጋገጫ ቦርድ ነው። ከልጆች ጋር በቀጥታ ለሚሠሩት «የተመዘገበ የባህርይ ቴክኒሻን» የተባለውን ደረጃ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ለዚህ ደረጃ አመልካቹ የ40 ሰዓት ስልጠና ይወስዳል፣ ብቃት ባለው ሱፐርቫይዘር ፊት ክህሎቱን በተግባር ያሳያል፣ ከዚያም ለፈተና ይቀርባል፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ በየወሩ አገልግሎት ከሰጠባቸው ሰዓቶች ቢያንስ 5 በመቶው በሱፐርቪዥን መሸፈን አለበት፣ በዚያም ውስጥ ሱፐርቫይዘሩ ሠራተኛው ከልጁ ጋር ሲሠራ በቀጥታ ማየት አለበት። ከአገር ቤት ሆነው ይህን የሚያነቡ ብዙዎች ዓይናቸው የሚያርፈው 40 ሰዓቱ ላይ ነው፤ 40 ሰዓት በአዳራሽ ለመስጠት ይመቻልና። እኔ ግን ሠራተኛን ሠራተኛ የሚያደርገው ማቋረጥ የሌለበት 5 በመቶ ነው ባይ ነኝ፤ እሱም ቢሆን ዝቅተኛው ወለል ነው እንጂ በቂ መጠን ተብሎ የተቀመጠ አይደለም።

ከምስክር ወረቀቱ ጋር መያያዝን በተመለከተ፣ ይኸው ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ከጥቂት አገሮች ነዋሪዎች በስተቀር አዲስ አመልካች ስለማይቀበል በእርሱ በኩል ያለው በር ለጅማ ዝግ ነው። ለሌሎች አገሮች አመልካቾች ክፍት የሆኑ ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅቶች አሉ። ሆኖም የእኔ ምክር ከወረቀቱ በፊት አጽሙን ውሰዱ የሚል ነው፤ ማለትም አጭር የጋራ ስልጠና፣ በዓይን የታየ ብቃት፣ የማይቋረጥ ሱፐርቪዥን። ይህን ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ወደ ማስተማሩ እንለፍ። የባህርይ ክህሎት ስልጠና የሚባለው ዘዴ አራት ነገሮችን ያጣምራል፤ አሠራሩን በግልጽ መንገር፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ሰልጣኙን ማለማመድና ወዲያውኑ ግብረ መልስ መስጠት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሰልጣኙ የተወሰነውን መለኪያ እስኪያሟላ ድረስ ይደጋገማሉ። ለምሳሌ እርስዎ ያነሱትን የመጠበቅ ችግር እንውሰድ። ሱፐርቫይዘሩ «ትእዛዝ ከሰጠህ በኋላ አምስት ሰከንድ ጠብቅ፣ ካልሞከረ በጣትህ ጠቁም፣ አሁንም ካልሞከረ ብቻ እጁን ያዝ» የሚለውን በግማሽ ገጽ ጽፎ ይሰጣል፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ ሠራተኛውን እንደ ልጅ አስቀምጦ ያሳያል፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ አንዴ የሚታዘዝ፣ አንዴ ዝም የሚል፣ አንዴ የሚጮህ ልጅ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሙከራ ማብቂያ ላይ ምን በትክክል እንደተሠራና ምን መስተካከል እንዳለበት ይነገራል። ሰልጣኙ ከዝርዝሩ 90 በመቶውን በሁለት ተከታታይ ልምምዶች በትክክል ሲፈጽም ወደ ልጁ ይገባል፤ በልጁም ላይ በተመሳሳይ ቅጽ ይታያል። እዚህ ላይ የማዕከሉ ድርሻ ያንን ግማሽ ገጽና ቅጹን አዘጋጅቶ በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ሁለት ተመልካቾችም አንዱን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ተመልክተው የሞሉትን ማነጻጸር ነው። በሙያችን ልማድ በሁለቱ ተመልካቾች መካከል ያለው ስምምነት ከ80 በመቶ ካነሰ ችግሩ ከሠራተኛው በፊት በቅጹ ወይም በተመልካቾቹ ላይ ይፈለጋል።

ሠራተኛው ትክክለኛውን አሠራር እያወቀ ለምን ወደ ስህተቱ ይመለሳል ለሚለው፣ የሙያችን ሰዎች ልጆቹን በምናይበት ዓይን ሠራተኛውን ማየት እየረሳን ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ሲጮህ ሠራተኛው ሥራውን ቢያቋርጥለት ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል፤ ይህ ለሠራተኛው ትልቅ እረፍት ነው፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜም ያቋርጣል። እጁን ይዞ ቢያሠራው ሥራው ቶሎ ይጠናቀቃል፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰውም ያማረ ይመስላል። በተቃራኒው ግን አምስት ሰከንድ መጠበቁን ያየለት፣ አይቶም ያመሰገነው ሰው የለም። በየሰዓቱ ስህተቱን የሚያጠናክርለት ነገር እያለ፣ ባለፈው ወር በአዳራሽ የሰማው ንግግር ያንን ያሸንፋል ብሎ መጠበቅ ከራሳችን ሳይንስ ጋር መጣላት ነው። ስቶክስና ቤር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የተማረው ክህሎት በራሱ ወደ ሌላ ቦታ ይሸጋገራል ብሎ መጠበቅን «አሠልጥኖ ተስፋ ማድረግ» ብለው የጠሩት ልጆችን እያሰቡ ብቻ አልነበረም ብል ያስኬዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የታየ ጉድለት ሁሉ የስልጠና ጉድለት አይደለም። ለሰው አገልግሎት ሠራተኞች የተዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአፈጻጸም መመርመሪያ ቅጽ አለ፤ ሠራተኛን እንደገና ወደ ስልጠና ከመላክ በፊት ሥራው በግልጽ ተነግሮታል ወይ፣ ዕቃው በእጁ አለ ወይ፣ ሥራውን በትክክል ሲሠራና ሳይሠራ የሚከተለው ነገር ይለያያል ወይ፣ ከሌላ ሥራ ጋር አይጋጭበትም ወይ እያለ ይጠይቃል። መረጃን ከትዝታ መሙላት ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ይገኛል። በአንድ እጁ ልጁን እየደገፈ፣ በሌላው ዕቃ እያቀረበ፣ ሰባት ዓምድ ያለው ቅጽ በየሙከራው ሙላ የተባለ ሰው እውቀት ስላነሰው አይደለም የማይሞላው። ቅጹን አሳጥሩለት፤ በጣት የሚጫን መቁጠሪያ ወይም በክንዱ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ስጡት፤ ከዚያ በኋላ ካልሞላ ስለ ስልጠና እንነጋገራለን።

በመጨረሻም የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ሁሉ ይህን አሟልተው ይሠራሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተውና በዘርፉ ከትልልቆቹ አንዱ የነበረው የኦቲዝምና ተዛማጅ እክሎች ማዕከል በ2018 ብላክስቶን በተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ከተገዛ በኋላ በሰኔ 2023 የኪሳራ ከለላ እስከመጠየቅ ደርሷል። የሠራተኛ ፍልሰት የዘርፉ ሥር የሰደደ በሽታ ነው፤ ቅርንጫፍ ከሱፐርቫይዘር ቀድሞ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል። ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ከከፈታችሁ በኋላ አራተኛውን ለመክፈት እንዳትቸኩሉ የምለው ስለዚህ ነው።


የአእምሮ ጤና መምህር፣ ጅማ

ከላይ የተሰጠው መልስ ብዙውን ስለሸፈነ እኔ የአሰልጣኞች ስልጠናን ብቻ አነሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ፔጅ፣ ኢዋታና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ተቋም ውስጥ ሱፐርቫይዘሮችን በቀጥታ አሠልጥነው፣ ሱፐርቫይዘሮቹ ደግሞ የሥራቸውን ሠራተኞች እንዲያሠለጥኑ አድርገው ውጤቱን ለክተዋል፤ በሙያው የፒራሚድ ስልጠና የሚባለው መንገድ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በእኛ አገር በጤናውም በትምህርቱም መስክ በሰፊው የሚሠራበት የአሰልጣኞች ስልጠና ላይ ላዩን ሲያዩት ይህንኑ ይመስላል፤ ከላይ ጥቂቶች ይሰለጥናሉ፣ እነሱ ወደ ታች ያወርዳሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በፒራሚዱ የሚለካው ከታች ያለው ሠራተኛ ከተገልጋዩ ጋር የሚያደርገው ነገር ነው፤ በእኛ ልማድ የሚለካው በአዳራሹ የተገኘው ሰው ብዛት፣ የቅድመና የድኅረ ስልጠና ፈተና ውጤት፣ የተፈረመ የአበል ወረቀትና የተሰጠ የምስክር ወረቀት ነው። ሌላው ልዩነት የሚመረጠው ሰው ነው። ስልጠና ከአበል ጋር ስለተያያዘ ወደ አሰልጣኞች ስልጠና የሚላከው ተራው የደረሰው ወይም ለኃላፊው ቅርብ የሆነው ነው፤ ከተመለሰ በኋላ ማንን፣ መቼ፣ በየትኛው ክፍል እንደሚያሠለጥን የሚጠይቀው የለም። ጠያቂው ይህን አካሄድ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን አሰልጣኝ ሆኖ የሚመለሰው ሰው በደረጃው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ሌሎችን የመከታተል ግዴታና ሰዓት ያለው መሆኑ ነው።

«ድጋፋዊ ሱፐርቪዥን» የምንለውም እንዲሁ መፈተሽ ይኖርበታል። በአብዛኛው ቡድኑ በመኪና ይመጣል፣ መዝገብ ያገላብጣል፣ የጎደለ ፊርማ ያስሞላል፣ አስተያየት ጽፎ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ከተገልጋይ ጋር ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያይ እምብዛም አይገኝም። የመዝገብ ምርመራ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ከትዝታ የተሞላን ቅጽ መርምሮ ስለ ክህሎት መፍረድ ግን አይቻልም።

አጠገባችሁ ያሉ ሁለት መሣሪያዎችን ልጠቁም። አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ያዘጋጁት ኢኩዊፕ የተባለው መድረክ ነው። በነጻ የሚገኝ ሲሆን የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎችን ብቃት በሚና ጨዋታ (አንዱ ተገልጋይ መስሎ በሚደረግ ልምምድ) ለመመዘን የሚያስችሉ ቅጾችን ይዟል፤ አገራችንም ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። የተሠራው ለባህርይ ትንተና አይደለም፤ ግንኙነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ተገልጋይን ማክበር የመሳሰሉትን የጋራ ክህሎቶች ግን ደህና አድርጎ ይመዝናል፣ በተለይም ጎጂ ሊሆን የሚችል ድርጊትን ለብቻው ለይቶ ማስቀመጡ ጠቃሚ ነው። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ወይም እክል ላለባቸው፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው የክህሎት ስልጠና ነው፤ 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፣ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። የሚመሩት ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ ታስቦ ስለተዘጋጀ አዲስ ሠራተኛ በውስጡ ቢያልፍ ሁለት ነገር በአንዴ ያገኛል፤ መሠረታዊውን ዘዴ ይማራል፣ ቤተሰብን ከሙያተኛ ወንበር ወርዶ ማነጋገርንም ይለምዳል።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ ጀምሮ ማህበረሰብ አቀፍ ትምህርትን ዋና ፍልስፍናው አድርጎ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎችና ወደ ቀበሌዎች ሲልክ ቆይቷል። ድርጅታችሁ ከሚመለከታቸው የትምህርት ክፍሎች ጋር ቢነጋገር፣ ሁለተኛ ተመልካች የመሆን ሥራ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥሩ የመስክ ልምምድ ይሆንላቸዋል፤ በእርግጥ የቤተሰብ ፈቃድና የምስጢር ጥበቃ ውል በቅድሚያ መጠናቀቅ አለበት።


የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ አጋሮ

ስለ አደረጃጀቱ የተባለውን ሁሉ ተቀብዬ በቅጹ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን መጠየቅ እወዳለሁ። አንድን ሥራ በ90 በመቶ ትክክለኛነት መፈጸም ሥራው ራሱ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

እኛ ጋ ብዙዎቹ ልጆች በቤታቸው የሚሰሙት አፋን ኦሮሞ ነው። ከጅማ የመጣ የስልጠና ሰነድ በአማርኛ ብቻ ሲሆን ሠራተኛው የሚለማመደው በአማርኛ ይሆናል፤ ልጁ ጥማት ተሰምቶት «ቢሻን» ሲል፣ «ውሃ» የሚል መልስ የሚጠብቀው ቅጽ ስህተት ብሎ ይመዘግበዋል። ይህ ለመናገር የሚታገልን ልጅ የተናገራትን አንዲት ቃል መንጠቅ ነው። ስለዚህ ማዕከሉ የሚያወጣው ወጥ መለኪያ «ልጁ የሚፈልገውን ነገር ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ ወይም ምልክት ጠየቀ» በሚል ይቀረጽ እንጂ የተወሰነ ቃል አይወሰንበት። ልምምዱም ሠራተኛው ከልጁ ጋር በሚጠቀምበት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ አሳምሮ የሚያመሰግን ሰው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚያፍርበትን ጊዜ አይቻለሁ።

ሌላው፣ የባህርይ ትንተና በውጭው ዓለም ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ራሳቸው ብርቱ ትችት እንደሚቀርብበት አስተባባሪው ሳያውቁ አይቀሩም። ማንንም የማይጎዳ የእጅ ማወዛወዝን ማጥፋት፣ ዓይን ለዓይን እንዲያይ ማስገደድ፣ ዝም ብሎ መቀመጥን እንደ ትልቅ ውጤት መቁጠር ከትችቶቹ መካከል ናቸው። በእኛ አካባቢ «ጨዋ ልጅ» ማለት ዝም ያለ ልጅ ስለሆነ ሠራተኛ ወደዚህ ለማዘንበል ስልጠና እንኳ አያስፈልገውም። በምልከታ ቅጹ ላይ ልጁ እምቢታውን ሲገልጽ ሠራተኛው ምን አደረገ የሚል መስመር ቢገባ ደስ ይለኛል። ከላይ ሱፐርቫይዘሩ ልጁ ሲጮህ ሥራ ማቋረጥን እንደ ስህተት አስቀምጠውታል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይመስለኝም። ልጁ ለምን እንደጮኸ ሳይታወቅ ሥራውን መቀጠል ከማቋረጥ ይብሳል።


ሱፐርቫይዘር፣ ሚኒሶታ

መምህርት፣ አስተያየትዎ ትክክል ነው፤ የጻፍኩትን ያሟላልኛል። ልጁ ከሥራ ለማምለጥ ነው የሚጮኸው ብሎ መደምደም የሚቻለው ከምዘና በኋላ ነው፤ ሊያመው፣ ሊርበው፣ ድምፅ ሊረብሸው ይችላል። ለማምለጥ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ሥራችን «እረፍት እፈልጋለሁ» የሚለውን በቃል፣ በምልክት ወይም በሥዕል እንዲጠይቅ ማስተማርና ሲጠይቅ መስጠት ነው። ስለ እምቢታ የጠቀሱት መስመር በእኛ ቅጽ ላይ አለ፤ ለሠራተኞች ከሚከብዱት አንዱም እሱ ነው።


የስልጠና አስተባባሪ፣ ጅማ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። መለኪያውን ከማስተማሩ መለየት በአስተዳደሩና በባለሙያዎቹ መካከል ያለውን ክርክር ሊያረግበው እንደሚችል ይታየኛል። ሆኖም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። አራቱ ሱፐርቫይዘሮች የራሳቸው ልጆች፣ የቤተሰብ ቀጠሮና የሪፖርት ሥራ አለባቸው። ሠላሳውን ሠራተኛ በየክፍሉ ገብተው ይመልከቱ ስል የማገኘው መልስ አስቀድሞ ይታወቀኛል፤ «ጊዜ የለንም» ይሉኛል፣ እውነታቸውንም ነው። አስተዳደሩ ደግሞ ልጅ በማያዩበት ሰዓት ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሱፐርቫይዘሮች እንደ ወጪ ነው የሚያያቸው። ለለጋሾች የምናቀርበውስ «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?


ሱፐርቫይዘር፣ ሚኒሶታ

በቁጥር እንየው። አንድ ሠራተኛ በወር 100 ሰዓት ከልጆች ጋር ይሠራል እንበል፤ ሠላሳው 3,000 ሰዓት ይሆናሉ፣ 5 በመቶው 150 ሰዓት ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሱፐርቫይዘር በወር 37 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ይህም ከአምስቱ የሥራ ቀናት አንዱን ሙሉ ቀን ወስዶ ትንሽ ያልፋል። እንግዲህ ለአስተዳደሩ የሚቀርበው ሐሳብ «እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ» የሚል ሳይሆን የእያንዳንዱ ሱፐርቫይዘር የልጆች ቁጥር በአንድ አምስተኛ ይቀነስ ወይም አምስተኛ ሱፐርቫይዘር ይቀጠር የሚል ነው። ሰዓቱ በሥራ መርሃ ግብሩ ላይ በስም ካልተጻፈ ቤተሰብ የቀጠሮ ለውጥ በጠየቀ ቁጥር የሚሠዋው እሱ ይሆናል፤ ይህን በትልልቅ ድርጅቶችም ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሰዓቱን ለሁሉም እኩል ማከፋፈልም አያስፈልግም። አዲስ የገባ፣ አዲስ ልጅ የተሰጠው ወይም የራሱን አካል የሚጎዳ ልጅ የያዘ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይታይ፤ መለኪያውን ለወራት ጠብቆ የቆየው ደግሞ በቀሪው ይታይ፣ ጨርሶ ግን አይተው። ከሠራተኞቹ መካከል ጎበዝ የሆኑትን ሁለት ሦስት ሰዎች «ከፍተኛ ሠራተኛ» ብሎ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር መሰየምና ልምምዱን የማካሄድ ሥራ ለእነሱ መስጠት የሱፐርቫይዘሩን ጫና ያቀላል፤ መምህሩ ያነሱት የፒራሚድ መንገድ እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። ጭማሪው እንዳይረሳ፤ ያለ ክፍያ የተጨመረ ኃላፊነት ሰው ያስለቅቃል።

የአዳራሹን ስልጠና ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። የሕፃናት ጥበቃ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ የአደጋ ጊዜ አያያዝ፣ ልጅን በኃይል አለመያዝ የመሳሰሉት ለሁሉም እኩል በአንድ ቀን ተሰጥተው ሊፈረምባቸው ይችላል። ለለጋሽ የሚቀርበው ደግሞ በተቀጠረ በአንደኛውና በሦስተኛው ወር በሥራ ላይ ታይቶ መለኪያውን ያሟላ ሠራተኛ ቁጥር ይሁን። ከሠላሳው አሥራ ስምንቱ አሟሉ የሚል ሪፖርት ከሠላሳው ሠላሳውም ሠለጠኑ ከሚለው ያነሰ ቢመስልም፣ ለጋሹ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ ምን እንዳስገኘ ሲጠይቅ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።


የአእምሮ ጤና መምህር፣ ጅማ

ለጋሾችን በተመለከተ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የበጀት ማቅረቢያ ሰነዶች ብዙ ጊዜ «ስልጠና» የሚል ርዕስ እንጂ «ምልከታ» የሚል ርዕስ የላቸውም። ስለዚህ የሱፐርቫይዘሮቹን የምልከታ ሰዓትና ወደ አጋሮና ሰቃ የሚመላለሱበትን የትራንስፖርት ወጪ በስልጠናው ርዕስ ሥር «በሥራ ላይ የሚሰጥ ስልጠና» ብላችሁ አስገቡት፤ ሥራውም በእርግጥ እሱ ነው። ከሠራተኞቻችሁ መካከል የጤና ሙያ ፈቃድ ያላቸው ካሉ ፈቃዳቸውን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና ስለሚጠየቁ፣ እውቅና ካለው ሰጪ ተቋም ጋር ተስማምታችሁ ከስልጠናችሁ የተወሰነው እንዲቆጠርላቸው ብታደርጉ አበል ባይኖርም የሚመጡበት ምክንያት ያገኛሉ።


የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ አጋሮ

ጊዜውን ስትወስኑ የቡናን ወቅት አትርሱ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ለቀማ ብዙ ቤተሰቦች ማሳ ስለሚውሉ ልጆቹ ከአያት ወይም ከታላቅ እህት ጋር ነው የሚቆዩት፤ የቤት ለቤት ምልከታ በዚያ ወቅት ቢጀመር ሠራተኛው ከወላጅ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ማየት አይቻልም። በክፍል ውስጥ የሚደረገውን ልምምድ በእነዚያ ወራት ጨርሳችሁ የቤቱን ከጥር በኋላ ብታደርጉት ይሻላል። ቅጹን ስታዘጋጁ የአፋን ኦሮሞውን ረቂቅ ብትልኩልኝ እኔና ባልደረቦቼ አንብበን እንመልስላችኋለን።